ውሃ ብቻ አይበቃም፦ የፊውዥን ኃይልና የትሪቲየም ሒሳብ

አንኮበር ላይ የጣለ ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። ከሸንተረሩ በስተ ምሥራቅ ያረፈው ገደሉን ተከትሎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በስተ ምዕራብ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ያረፈው በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። አንዱ አፋር ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ ሌላው ግብፅን ያጠጣል። በሁለቱም ውስጥ ግን የፀሐይን እሳት ምድር ላይ ማንደድ የሚፈልጉ ሰዎች የሚሹት ነዳጅ አለ። ከ6,400 ያህል የሃይድሮጅን አተሞች አንዱ ከባዱ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ዲውቴሪየም ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ይገኛል። ሁለተኛው ነዳጅ ትሪቲየም ነው። እሱም ዝናቡ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን የሃይድሮጅን አተሞች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ስለ ፊውዥን፣ ማለትም ስለ አተሞች ውህደት፣ ሲወራ የሚነሳው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። “ነዳጁ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አያልቅም” ይባላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ዛሬ የሚታቀዱት ማመንጫዎች አብዛኞቹ ዲውቴሪየምን ከትሪቲየም ጋር የሚያዋሕዱ ናቸው። ትሪቲየም ደግሞ ጨረር አመንጪ፣ ብርቅና ውድ ከመሆኑም ሌላ መጋዘን ተቀምጦ ሳለ በራሱ ጊዜ ይመነምናል። ስለዚህ “ከየት እናምጣው?” ከሚለው የቆየ ጥያቄ ጎን “እንዴት በትንሹ እንብቃቃ?” የሚለው ጎልቶ መጥቷል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው። (ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቀጣይ ብለው ከጠቀሷቸው ሥራዎች አንዱ የኑክሌር ማመንጫ ነበር። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ይህ ዕቅድ ዩራኒየምን ስለሚሰነጥቀው ስለ ፊሽን እንጂ ስለ ፊውዥን አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ቢሆንም ኑክሌር የሚለው ቃል አንዴ የመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ከገባ በኋላ “ቆሻሻ የለሽ” የሚባለውን ፊውዥን ይዞ የሚመጣ ሻጭ መኖሩ አይቀርም። የሚሸጥበትም ገበያ አለ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካዋን፣ የቢራ ፋብሪካዎቿንና የኢንዱስትሪ ፓርኳን ይዛ የኤሌክትሪክ ጥማቷ የጨመረ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ግን ዛሬም እበት ጠፍጥፎ፣ ግድግዳና አጥር ላይ አድርቆ፣ በኩበት እሳት እንጀራውን ይጋግራል። ሻጩ ሲመጣ ምን ብለን እንደምንጠይቀው ማወቅ አይከፋም።

ለምን ትሪቲየም?

ሁለት አተሞችን ለማዋሐድ የኤሌክትሪክ ግፊያቸውን ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ነዳጁ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚሞቀው። ከታወቁት ነዳጆች ሁሉ በዚህ “ዝቅተኛ” ሙቀት በቀላሉ የሚዋሐዱት ዲውቴሪየምና ትሪቲየም ናቸው። ሲዋሐዱ ሂሊየምና ኒውትሮን ይወጣሉ፤ ከሚለቀቀው 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል 14.1ዱን ይዞ የሚበረው ኒውትሮኑ ነው።

የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ነው። ይህም ማለት የተከማቸው በየዓመቱ 5.5 በመቶ ያህሉ ወደ ሂሊየም-3 ይለወጣል። ለሲቪል አገልግሎት በዓለም ላይ ያለው ክምችት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይገመታል፤ አብዛኛው የሚመጣው ካንዱ ከሚባሉት በከባድ ውሃ ከሚሠሩ የካናዳ ሪአክተሮች ነው። ኦንታሪዮ የሚገኘው የዳርሊንግተን ማመንጫ ትሪቲየሙን ከከባዱ ውሃ የሚለይ ፋብሪካ አለው። የአንድ ግራም ዋጋ ብዙ ጊዜ በ30 ሺህ ዶላር አካባቢ ይጠራል። አንድ ሺህ ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የፊውዥን ማመንጫ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 150 ኪሎ ያህል ትሪቲየም ያቃጥላል፤ በቀን ከ400 ግራም በላይ ማለት ነው። የዓለም ሁሉ ክምችት አንዱን ማመንጫ ከሁለት ወር ብዙም አያሻግረውም።

መልሱ ማመንጫው ነዳጁን ራሱ እንዲያመርት ማድረግ ነው። ከፕላዝማው፣ ማለትም እጅግ ከጋለው ነዳጅ፣ የሚወጣው ኒውትሮን በሪአክተሩ ዙሪያ የተነጠፈ ሊቲየም ሲመታ ትሪቲየም ይወለዳል። አንዱ የተቃጠለ አተም ቢያንስ አንድ ተተኪ ማስገኘት አለበት፤ በየቧንቧው የሚጠፋውና በራሱ የሚመነምነው ሲታሰብ ደግሞ ከአንድ ትንሽ በለጥ ማለት አለበት። ችግሩ ኒውትሮኑ አንድ መሆኑ ነው። ማሞቂያ፣ መለኪያና መምጠጫ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ኒውትሮን ያሾልካሉ፤ ስለዚህ እንደ ቤሪሊየምና እርሳስ ያሉ፣ ከአንድ ኒውትሮን ሁለት የሚያወጡ ብረቶች ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ በሙሉ መጠን በሚሠራ ሪአክተር ላይ እስከ ዛሬ አልተፈተነም። እኔ ከፊውዥን ቃል ኪዳኖች ሁሉ በጣም የምጠራጠረው ይህን ነው። ሥርዓቱ በጥቂት በመቶ ትርፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚያወሩት ሰዎች ትርፉን እንደተረጋገጠ ነገር ሲጠቅሱት እሰማለሁ።

ሊቲየም ሲነሳ የጉጂው ቀንጢቻ ትዝ የሚለው ሰው ይኖራል። ቀንጢቻ ለብዙ ዓመታት በታንታለም የታወቀ፣ ሊቲየምም ያለበት የማዕድን ቦታ ነው። ለፊውዥን በብዛት የሚፈለገው ግን ሊቲየም-6 የተባለው ዓይነት ነው፤ ከተፈጥሮ ሊቲየም ውስጥ 7.5 በመቶ ያህሉ ብቻ። አሜሪካኖች በ1950ዎቹ ኦክ ሪጅ ላይ በሜርኩሪ ሲለዩት ብዙ ሜርኩሪ ወደ አካባቢው አፈርና ወንዝ ገብቶ እስከ ዛሬ እየተጸዳ ነው። ስለዚህ ማዕድኑ ከመሬት ወጣ ማለት ነዳጁ ተገኘ ማለት አይደለም።

ከመቶ አንድ

የቁጠባው ጥያቄ የሚጀምረው ብዙ ሰው ከማያውቀው አንድ ቁጥር ነው። ወደ ፕላዝማው ከሚገባው ትሪቲየም ሳይዋሐድ ተመልሶ የሚወጣው እጅግ ይበዛል። በደቡብ ፈረንሳይ እየተገነባ ባለው ኢተር በተባለው የፊውዥን ማሽን ላይ የሚቃጠለው ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ተብሎ ይጠበቃል። ከመቶ ኩበት አንዱን ብቻ አንድዶ ዘጠና ዘጠኙን በጢስ መውጫው የሚተፋ ምድጃ ይታሰብ። የተተፋውን ሰብስቦ፣ አመዱን አራግፎ፣ አድርቆ መልሶ መማገድ የግድ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ምድጃው እንዳይጠፋ ሌላ የኩበት ክምር ጓሮ መኖር አለበት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በቀን 400 ግራም ለማቃጠል፣ የሚቃጠለው ከመቶ አንድ ከሆነ፣ በቀን 40 ኪሎ መግባትና መውጣት አለበት። ይህ በሰዓት 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። የወጣውን አጽድቶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ከፈጀ በቧንቧው ውስጥ ሁልጊዜ 1.7 ኪሎ ትሪቲየም ይኖራል፤ አራት ሰዓት ከፈጀ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ኢተር በግቢው ውስጥ እንዲኖረው የተፈቀደለት ጠቅላላ መጠን 4 ኪሎ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል።

የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሞሐመድ አብዱና ባልደረቦቻቸው በ2021 ባወጡት ሰፊ ጥናት የደረሱበት ድምዳሜም በዚሁ መስመር ነው፦ የሚቃጠለው ድርሻ ከፍ ካላለና የማጽጃው ጊዜ ካላጠረ፣ ማመንጫው ነዳጁን ራሱ ማምረቱም ሆነ ለመጀመሪያ ቀን የሚያስፈልገውን ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። የዘርፉ የቁጠባ ሐሳቦች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች አንዱን የሚነኩ ናቸው፤ ወይ በአንድ ጊዜ የሚዞረውን ይቀንሳሉ፣ ወይ የሚዞርበትን ጊዜ ያሳጥራሉ። ሦስተኛ ነገር ቢኖር ግድግዳው ውስጥ ተሰንቅሮ የሚቀረው ነው። ከእሱ ልጀምር፤ በተግባር ታይቶ ውጤቱ የታወቀው እሱ ነውና።

ግድግዳው የዋጠው

እንግሊዝ፣ ካልሃም ውስጥ የነበረው ጄት የተባለው ቶካማክ (ፕላዝማን በመግነጢስ የሚይዝ ቀለበት መሰል ማሽን) በ1997 በዲውቴሪየምና ትሪቲየም ሠርቶ 16 ሜጋዋት የውህደት ኃይል አስመዘገበ። ዜናው ይህ ነበር። ውስጥ አዋቂዎችን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው፤ ከገባው 35 ግራም ትሪቲየም ሲሶ ያህሉ ከማሽኑ አልወጣም አለ። ለወራት ከተጸዳ በኋላ እንኳ ጥቂት ግራም ቀርቷል። ጥፋተኛው ካርቦን ነበር። ያኔ የማሽኑ የውስጥ ግድግዳ በካርቦን ጡቦች የተለበጠ ነበር። ፕላዝማው ካርቦኑን ይሸረሽራል፤ የተሸረሸረው ካርቦን ከትሪቲየም ጋር ተጣብቆ ከማሽኑ ሥር ጥላ ያለበት፣ ሙቀት የማይደርስበት ቦታ ላይ እንደ ጥቀርሻ ይጋገራል፤ ከዚያም እየተላጠ ይረግፋል። በፕሪንስተን፣ ከ1993 ጀምሮ በዚሁ ነዳጅ የሠራው ቲኤፍቲአር ላይም የታየው ተመሳሳይ ነው። በጥቂት ግራም ሙከራ ይህን ያህል ከቀረ በየቀኑ ኪሎ በሚዞርበት ማመንጫ ላይ ሊሆን የሚችለውን መገመት አይከብድም። ከጥቂት ሳምንት ሥራ በኋላ የደኅንነት ገደቡ ይሞላና ማሽኑ ለጽዳት ይቆማል።

በ2011 ጄት ካርቦኑን አውልቆ ቤሪሊየምና ተንግስተን ለበሰ። ግድግዳው ውስጥ የሚቀረው ነዳጅ ከአሥር እጥፍ በላይ ቀነሰ። በፊውዥን ታሪክ ውስጥ ብዙም ያልተዘመረለት ትልቅ ድል ይህ ይመስለኛል። ጄት በታኅሣሥ 2021 የ59 ሜጋጁል፣ በጥቅምት 2023 የ69 ሜጋጁል ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ የዓለም ጋዜጦች የጻፉት ስለ ኃይሉ ነበር። በመጨረሻው ሙከራ ያን ኃይል ለመስጠት የተቃጠለው ነዳጅ 0.2 ሚሊግራም ነበር፤ ከአንድ የጤፍ ቅንጣት እንኳ ያነሰ። ማሽኑ በ2023 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል፤ አሁን ከጡቦቹ ውስጥ የቀረውን ትሪቲየም መለካትና ማውጣት ራሱን የቻለ ምርምር ሆኗል።

ኢተርም ትምህርቱን ወስዷል። መጀመሪያ ከፕላዝማው ጋር ለሚገናኘው ግድግዳ ያሰበው ቤሪሊየም ነበር፤ በ2024 ይፋ ባደረገው አዲስ ዕቅድ ወደ ተንግስተን ዞሯል። በዚያው ዕቅድ በትሪቲየም የሚሠራበት ጊዜ ወደ 2039 ተገፍቷል። ተንግስተን እንደ ቤሪሊየም መርዛማ አቧራ የለውም፣ ነዳጅም ብዙ አይውጥም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ ፕላዝማውን እንዳያበላሽ ግድግዳው ላይ ስስ የቦሮን ሽፋን እየተረጨ ይሠራል፣ ቦሮኑ ደግሞ በተራው ትሪቲየም ይይዛል። ከአንዱ ወጥተው ሌላው ውስጥ እንዳይገቡ አሁን የሚለካው የቦሮኑ ውፍረት ነው።

የቧንቧው ሥራ

ከፕላዝማው የወጣው ጋዝ ዲውቴሪየም፣ ትሪቲየም፣ አመድ የሆነው ሂሊየምና ሌሎች ቆሻሻዎች የተደባለቁበት ነው። በድሮው አሠራር ሁሉም ወደ ፍጹም ዜሮ በሚጠጋ ብርድ ይያዛል፣ ይሰበሰባል፣ በማማ ውስጥ እየተቀቀለ አንዱ ከአንዱ ይለያል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን ሰዓታት ይወስዳል፣ ማማዎቹም ራሳቸው ብዙ ትሪቲየም ይዘው ይቀመጣሉ።

በጀርመን የካርልስሩኸ ቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ በክርስቲያን ዴይ የሚመራው ቡድን ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። ወደ ፕላዝማው የሚመለሰው ሁለቱም ነዳጅ ከሆነ አንዱን ከአንዱ ለመለየት ለምን እንደክማለን? ከሂሊየሙ ብቻ ይለይና ይመለስ። ለዚህ የሚያገለግለው ሃይድሮጅንን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ የብረት ወንፊት ነው። አብዛኛው ጋዝ በዚህ አቋራጭ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፤ ለሙሉ ማጽጃው የሚሄደው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል። በግቢው ውስጥ የሚኖረው ትሪቲየም በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ለካሜራ የሚሆን ነገር የለውም። እኔ ግን ገንዘብ ቢኖረኝ የማፈሰው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ፊዚክስ አይጠይቅምና። የሚጠይቀው በመግነጢስና በጨረር መሐል ለዓመታት የማይበላሽ ፓምፕ ነው። በካናዳው ቾክ ሪቨር ላይ የጃፓኑ ኪዮቶ ፊውዥኒሪንግና የካናዳ የኑክሌር ቤተ ሙከራዎች በጋራ የሚሠሩት ዩኒቲ-2 የተባለው ማዕከልም የሚያልመው ይህን ሙሉ ዑደት በእውነተኛ ትሪቲየም ማሳየት ነው።

አተሞቹን ማሰለፍ

በቅርብ ጊዜ ብዙ ያነጋገረው ሐሳብ የመጣው ከፕሪንስተን ፕላዝማ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው። ጄሰን ፓሪሲ፣ አህመድ ዲያሎና ጄኮብ ሽዋርትዝ በ2024 ባወጡት ጥናት የተመረኮዙት በ1982 በታወቀ የፊዚክስ ነጥብ ላይ ነው። የአተም እምብርት ስፒን የሚባል ጠባይ አለው፤ እንደ ጥቃቅን መግነጢስ አቅጣጫ ይይዛል። በተለመደው ነዳጅ አቅጣጫው የተዘበራረቀ ነው። የዲውቴሪየምና የትሪቲየም እምብርቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሰለፉ የመዋሐድ ዕድላቸው በ50 በመቶ ይጨምራል። እነ ረስል ካልስራድ ይህን ያሰሉት ከአርባ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ የታሰበው ግን የበለጠ ኃይል ለማግኘት ነበር።

አዲሶቹ ጸሐፊዎች ትርፉን ለሌላ ነገር አዋሉት። የመዋሐድ ዕድሉ ከጨመረ ያንኑ ኃይል እያገኙ ከነዳጁ ውስጥ የትሪቲየምን ድርሻ መቀነስ ይቻላል። ትሪቲየሙ ሲያንስና ዲውቴሪየሙ ሲበዛ እያንዳንዱ የትሪቲየም አተም የሚዋሐደው ጓደኛ አያጣም፤ ስለዚህ ሳይቃጠል የሚወጣው ይቀንሳል። በምሳሌነት የወሰዱት 482 ሜጋዋት የውህደት ኃይል የሚሰጥ አርክ የተባለውን ንድፍ የሚመስል ቶካማክ ነው። በተለመደው ነዳጅ፣ 53 ለ47 በሆነ የዲውቴሪየምና የትሪቲየም ድብልቅ፣ ሥራ ለመጀመር ቢያንስ 0.69 ኪሎ ትሪቲየም ያስፈልገዋል። ከነዳጁ ግማሹ ተሰልፎ ድብልቁ 57 ለ43 ሲሆን ወደ 0.08 ኪሎ ይወርዳል። ሁሉም ተሰልፎ 63 ለ37 ሲሆን 0.03 ኪሎ፣ ማለትም 30 ግራም ይበቃል። ከሁለት ሦስተኛ ኪሎ በላይ ከሆነ መጠን ወደ እፍኝ የማይሞላ ነገር መውረድ ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም። ጥያቄው የተሰለፈው ነዳጅ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ በሆነ ፕላዝማ ውስጥ፣ ሞገድ እየናጠው፣ ከግድግዳ እየተላተመ ሰልፉን ጠብቆ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ይቆያል ይላል፤ በሙከራ ግን አልታየም። ሳንዲያጎ ያለው ዲሥሪ-ዲ ቶካማክ ላይ የታቀደው ፍተሻ ለጥንቃቄ ትሪቲየምን ትቶ ዲውቴሪየምንና ሂሊየም-3ን ይጠቀማል፤ የእምብርቶቹ ባሕርይ ስለሚመሳሰል መልሱ ለሁለቱም ያገለግላል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ተራራ አለ፤ የተሰለፈ ነዳጅ ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራው በጥቂቱ ነው፣ ማመንጫ ደግሞ ያለማቋረጥ ይፈልገዋል። የፕሪንስተኑ ጥናት ለዘርፉ የሰጠው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ሰልፉ ባይሳካ እንኳ የሚቀር ነው፦ 50 ለ50 የሚለው ድብልቅ ሕግ አለመሆኑን፣ ዲውቴሪየሙን ትንሽ ማብዛት ብቻውን ትሪቲየምን እንደሚቆጥብ ሰው ሁሉ ደግሞ እንዲያሰላ አድርጓል።

ትሪቲየምን ጨርሶ መተው?

እንግዲያው ለምን ጨርሰን አንተወውም የሚሉም አሉ። ፕሮቶንን ከቦሮን ጋር ማዋሐድ ኒውትሮን የሚያወጣው እምብዛም ነው። ጃፓን ባለው ኤልኤችዲ በተባለው ማሽን ላይ ከአሜሪካው ቲኤኢ ኩባንያ ጋር ተሠርቶ በ2023 የታተመው ሙከራ ይህ ውህደት በመግነጢስ በተያዘ ፕላዝማ ውስጥ ሲከሰት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳይቷል። የሚፈልገው ሙቀት ግን ከቢሊዮን ዲግሪ በላይ ነው፤ ከሚሰጠው ይልቅ በብርሃን የሚያጣው እንዳይበልጥ ገና ይሠጋል። ሂሊየን የተባለው ኩባንያ የያዘው ደግሞ ዲውቴሪየምንና ሂሊየም-3ን ነው፤ በ2023 ለማይክሮሶፍት ከ2028 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ለመሸጥ ተዋውሏል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይነሳል። ዲውቴሪየም ካለ ዲውቴሪየም ከራሱ ጋር መዋሐዱ አይቀርም፤ ከዚያም ትሪቲየም ይወለዳል። በምድር ላይ ለአገልግሎት የሚቀርበው ሂሊየም-3 ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው ከሚመነምን ትሪቲየም ነው። በበሩ ያስወጡት በመስኮት ይገባል። ቀነ ቀጠሮውን በተመለከተ ከታሪኩ በመነሣት አላምንበትም፤ ቢሳካ ግን የሚጠላ የለም።

ግራሙ ለምን ያሳስባል?

የትሪቲየም ጨረር ደካማ ነው፤ ቆዳ እንኳ አያልፍም። የሚጎዳው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው። ጋዝ ሆኖ ሳለ ሲተነፍሱት አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ሲሆን ግን ሰውነት ከሌላ ውሃ አይለየውም፣ ጉዳቱም በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ግማሹ በአሥር ቀን ገደማ ከሰውነት ይወጣል። የጋለ ብረት አይከለክለውም፤ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። አንድ ግራም ትሪቲየም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው የ10,000 ቤክሬል በሊትር መመሪያ ጋር እስኪስተካከል ለማቅጠን 36 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይጠይቃል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ወደ ባሕር ሲለቀቅ ጎረቤት አገሮችን ያስቆጣው የፉኩሺማ ውሃ፣ በእነዚያ ሁሉ ታንከሮች ውስጥ፣ የያዘው ትሪቲየም ሲደመር ከ3 ግራም አይበልጥም ነበር። ጉዳቱ ተጋንኗል ለሚሉት ይህ ማስረጃ ነው፤ ለእኔ ግን ሰዎች በ3 ግራም ይህን ያህል ከተጣሉ ኪሎዎች የሚያዞር ማመንጫ ከከተማ አጠገብ ለማቆም ምን ያህል መታመን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ሕጉም የሚከተለው ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በሚያዝያ 2023 ፊውዥንን እንደ ፊሽን ማመንጫ ሳይሆን ቀለል ባለው፣ ጨረር አመንጪ ቁሶችን በሚመለከተው ሥርዓት ሥር ለማስተዳደር ወሰነ። ብሪታንያም በዚያው ዓመት ባወጣችው የኃይል ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ያዘች። ክርክሩ የሚቆመው ግቢው ውስጥ ያለው ትሪቲየም ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው። 30 ግራም የያዘ ማመንጫና 7 ኪሎ የያዘ ማመንጫ በአንድ ስም ቢጠሩም ለአንድ ሕግ የሚመቹ አይደሉም። ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ጥያቄም ይኸው ነው፦ በማንኛውም ሰዓት በግቢው ውስጥ ስንት ግራም አለ? ለሥራ መጀመሪያውስ ከማን ይገዛል? ስለ ሜጋዋቱ ሳይጠየቅም ይነግረናል።

የዝናቡ መዝገብ

ኢትዮጵያ ለትሪቲየም እንግዳ አይደለችም። በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ከሆኑት ቀደምት አገሮች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ኤጀንሲው በዓለም ዙሪያ የዝናብ አይሶቶፕ ለመከታተል በዘረጋው መረብ ውስጥ ከ1961 ጀምሮ የገባች ከተማ ናት፤ በአፍሪካ ረጅም ከሚባሉት መዝገቦች አንዱ የእሷ ነው። መዝገቡ ለሊቃውንት የራሱ እንቆቅልሽ አለው፤ ከከፍታዋ አንጻር የአዲስ አበባ ዝናብ ከሚጠበቀው በላይ ዲውቴሪየምና ከባድ ኦክስጅን የበዛበት ነው።

በዚያ ዘመን በዝናቡ ውስጥ የነበረው ትሪቲየም በብዛት የመጣው ከሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራዎች ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል ጣሪያ የነካው በ1963 ነው፤ በአየር ላይ መሞከርን የሚከለክለው ስምምነት የተፈረመውም በዚያው ዓመት። ከዚያ ወዲህ አምስት ግማሽ ዕድሜ አልፏል፤ ከያኔው የቀረው ከሠላሳ ሁለት አንድ ያህሉ ብቻ ነው፤ በዝናቡ ውስጥ ያለውም ዛሬ በጠፈር ጨረር ወደሚፈጠረው የተፈጥሮ መጠን ተመልሷል። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዎች ይህን አሻራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ትሪቲየም ያለበት የጉድጓድ ውሃ በቅርብ አሥርተ ዓመታት የዘነበ፣ ጉድጓዱ ሲሳብ በክረምቱ የሚተካ ነው፤ ትሪቲየም የሌለበት ጥንት የሰረገ፣ አንዴ ከተሳበ ለመተካት ብዙ ዘመን የሚፈልግ ነው። እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ፣ ባሳልት በተደራረበበትና ውሃው በአንድ ሸንተረር ላይ ለሁለት ተፋሰስ በሚከፈልበት አገር፣ ፋብሪካ ሁሉ ጉድጓድ በሚቆፍርበት ከተማ፣ ይህ ልዩነት የብር ጥያቄም ነው።

እዚህ ላይ የፊሽኑ ዕቅድም ይመለሳል። በግፊት ውሃ የሚሠሩ ሪአክተሮች፣ ሮሳቶም በብዛት የሚሸጣቸውም ከእነዚህ ናቸው፣ በማቀዝቀዣቸው ውስጥ ካለው ቦሮን የተነሣ ትሪቲየም ያመርታሉ፤ በዓመት የሚለቁት ከአንድ ግራም በታች ቢሆንም በመለኪያ ይታያል። ፊውዥን ይምጣ አይምጣ፣ ዕቅዱ ከተፈጸመ ኢትዮጵያ ትሪቲየም የሚለቅ ተቋም ይኖራታል። የትኛውም ቦታ ቢተከል ክርክር ሲነሳ “ውሃው ከበፊት ጀምሮ እንዲህ ነበር” ወይም “አልነበረም” ለማለት የቀደመ ልኬት ያስፈልጋል። ሥራው ውድ አይደለም፤ ከየምንጩና ከየጉድጓዱ በክረምትና በበጋ ናሙና መቅዳት፣ በታሸገ ጠርሙስ ዝቅተኛ መጠን መለካት ወደሚችል ቤተ ሙከራ መላክ፣ ውጤቱን ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ማስፈር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን አሰማርቶ ከበሬሳ ዳር እስከ አንኮበር ምንጮች ሊጀምረው ይችላል፤ ማመንጫው የት እንደሚተከል እስኪታወቅ መጠበቅም አያሻውም።